ጎንደርን ከቀሃ ወንዝ ጀምሮ ማየት



በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ ጀማዓችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ጎንደር ምን የሚታይ አለ?» መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፋሲል ግንብ። ተማሪው ቅዳሜ ከሰዓት ይሄዳል፣ ከግንቡ ፊት ፎቶ ይነሳል፣ ለመግሪብ ግቢ ይመለሳል። አብዛኞቻችን አምስት ዓመት ተምረን ስንመረቅ ከከተማዋ የያዝነው ያችን አንድ ፎቶ ነው። ዘንድሮ ግን ከወሎ የመጣ አንድ ወንድማችን ከጁሙዓ በኋላ ስንጨዋወት ፎቶውንም አልፈልግም አለን። «የነገሥታት ግንብ እኛን ምን አገባን? የኛ ሰው ያኔ የት ነበር?» አለ። የቀለለ ጥያቄ መስሎን ነበር። ልንመልስለት ስንሞክር ግን ከመካከላችን እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ጠፋ።

እኛ አራት ነን። ሁለታችን ከመተማ ዮሐንስ፣ አንዳችን ከገንዳ ውሃ፣ አንዳችን ከቋራ በኩል። ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እያልን አድገን አሁን ምህንድስና ላይ ተገናኝተናል። የወንድማችንን ጥያቄ ይዘን ለአንድ ሴሚስተር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማዋን ተመላለስንባት፤ ያገኘነውንም አነበብን፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎችም ጠየቅን። መልሱ ግንቡ ውስጥም አለ፣ ከግንቡ በታችም አለ። ግማሹን ብቻ ያየ ጎንደርን አላየም ብለን ስላመንን ይህን ጻፍን።

መንገዱ

እኛ ቆላ ያደግን ልጆች ጎንደርን የምናውቃት ከታች ነው። ከመተማ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መኪናው 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የሰሊጥና የጥጥ አገር ተነስቶ በገንዳ ውሃ፣ በነጋዴ ባሕር፣ በአይከል አድርጎ ከ2,100 ሜትር በላይ ወዳለችው ከተማ ይወጣል። አይከል ላይ ሹራብ የሚያወጣው የቆላ ልጅ ነው፤ ደገኛው ይስቅበታል። መንገዱ ሲከፈት እንሄዳለን፣ ሲዘጋ እንቀራለን። የዘንድሮን ዒድ ግቢ ያሳለፍነውም ለዚሁ ነው።

ይህ መንገድ ግን ከአስፋልቱ ብዙ ይቀድማል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ፣ ከ200 ዓመት በላይ የአገሪቱ ዋና ከተማ ሆና ኖራለች። ዋና ከተማ ሸማ ይፈልጋል፣ ሐር ይፈልጋል፣ ሽቶና መስታወት ይፈልጋል፤ እነዚህም በምጽዋ በኩል ካልመጡ በሰናር በኩል ይመጣሉ። የሰናሩ መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በእኛ ቆላ ነው። ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና ወርቅ ይወርዳል፤ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይወጣል። ባሪያም ይወርድ ነበር። ይህን መደበቅ አያምርም፤ ነጋዴዎቹም በአብዛኛው የእኛው ሰዎች፣ ጀበርቲዎች ነበሩ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1691 ዓ.ም. ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ሊያክም የመጣው በሰናርና በጭልጋ አድርጎ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ አገሩ ሲመለስ የወረደው በራስ ኤል ፊል ነው፤ የዛሬው መተማ አካባቢ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የራስ ኤል ፊልን ግዛት ለብሩስ ሰጥተውት ነበር፤ እሱ ደግሞ ያሲን የሚባል ሙስሊም ወዳጁን ምክትሉ አድርጎ አስተዳደሩን ለእሱ ተወለት።

በኋላ ዘመን መተማን ያቀኗት ታክሩሮች ናቸው፤ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነስተው ለሐጅ ሲመላለሱ ድንበሩ ላይ የቀሩ። በመተማና በጎንደር መካከል ያለው ዝምድና የገበያ ብቻም አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ ከጎንደር ሸሽቶ ወደ መተማ የወረደ ብዙ ሰው ነበር። ስለዚህ ወንድማችን «የኛ ሰው የት ነበር?» ሲል ከመልሱ አንዱ ክፍል «መንገድ ላይ» ነው።

ግንቡ ፊት ስትቆሙ

ፋሲል ግቢ ወደ 70,000 ካሬ ሜትር ይሰፋል። 900 ሜትር በሚሆን የድንጋይ አጥር ተከቧል፣ 12 በሮች አሉት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን አስጎብኚው ይነግራችኋል። እኛ የምንነግራችሁ እሱ ፈጠን ብሎ የሚያልፈውን ነው።

መጀመሪያ ፎቶውን ተዉትና ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ድንጋዩን ሳይሆን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ነጣ ያለ ነገር እዩ። ያ ኖራ ነው። የፋሲል ግንብ ምሥጢሩ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አይደለም፤ ጥቁር ድንጋይ ከጎንደር እስከ ጭልጋ መንገድ ዳር ተከምሮ ይገኛል። ከዚያ በፊት በዚህ አካባቢ ግድግዳ የሚያያይዙት በጭቃ ነበር። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ደግሞ ክረምቱ ያጥበዋል፣ ከፍ ባለ ቁጥርም ያስፈራል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበሩ ፖርቱጋሎች ጽፈው እንዳቆዩት፣ በአገሩ ያለውን የኖራ ድንጋይ ለይቶ ያወቀው ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቅ መሥራት፣ ጉልላት መድፋት፣ በኖራ የተመረገ ገንዳ መሥራት ተቻለ።

ኖራ እንዴት ይሠራል? አሠራሩን ኬሚስትሪ ክፍል ተምረነዋል፤ እዚህ ግን ቆሞ ይታያል። የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ቀለል ያለ ነጭ ድንጋይ ይቀራል። ያን ውሃ ሲያጠጡት እንደ ድስት ይፈላል፣ ይፈራርሳል፣ ለስላሳ ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮቹ መካከል ሲገባ ከአየሩ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ መልሶ ይስባል፤ በወራት፣ ወፍራም ግድግዳ ከሆነም በዓመታት ውስጥ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ ነበር፣ ሊጥ ሆነ፣ እንደገና ድንጋይ ሆነ። ዛሬ የምንጠቀምበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ ጎንደር ስትቆረቆር ገና ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይቀረው ነበር።

ከኖራው ቀጥሎ በሮቹንና መስኮቶቹን ተመልከቱ። የግድግዳው አካል ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ሳለ በሮቹ ዙሪያ ቀላ ያለ ድንጋይ ታያላችሁ። ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ለመጥረብ ያስቸግራል፤ ቀዩ ለስለስ ያለ ነው፣ እንደተፈለገ ይቀረጻል። ለቅስት ደግሞ ድንጋዮቹ ጎን ለጎን በደንብ መግጠም አለባቸው። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። በበር ላይ አንድ ረጅም ድንጋይ አጋድማችሁ ሸክም ብትጭኑበት ከሥሩ ይለጠጥና ይሰበራል። ቅስት ግን ሸክሙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይልከዋል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ከመጫን በቀር ሌላ ሥራ የለውም። የመጨረሻው የመሐል ድንጋይ እስኪገባ ድረስ ግን ከሥር የሚይዝ የእንጨት ቅርጽ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ሳይት ላይ ፎርምወርክ የምንለው። ባሕር ዛፍ ያኔ አገራችን አልገባም ነበር፤ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ መወጣጫውም ፎርምወርኩም በአገሩ እንጨት ነው የተሠራው። ከጓደኞቻችን አንዱ ሁለተኛ ዓመት ላይ «ስትራክቸር» አልገባህ ብሎት ይሰቃይ ነበር፤ ከቅስቱ ሥር ቆሞ ነው የገባው። ይህን ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

የሠሩትስ ማን ናቸው? «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል ካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን ያባረሩት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነው። የፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስ ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ዜና መዋዕላቸው ከሠሩት ባለሙያዎች ሁለቱን በስም ይጠቅሳል፤ አንዱ ዐብዱል ከሪም የሚባል ህንዳዊ፣ ሁለተኛው ሰደቃ ነስራኒ የሚባል ግብፃዊ። ዐብዱል ከሪም! የእኛው መድረሳ የስም መዝገብ ላይ ስንት ዐብዱል ከሪም አለ? ነስራኒ ማለት ደግሞ ክርስቲያን ማለት እንደሆነ ዐረብኛ የቀራችሁ ታውቃላችሁ። የፋሲልን ግንብም ያው ዐብዱል ከሪም ነው የሠራው የሚል ወግ አለ። ወጉ እውነት ይሁን አይሁን ለደንቀዙ የተጻፈለት ይበቃል። ፋሲል ጎንደርን ሲያስገነቡ በዚያው ዘመን አግራ ላይ ሻህ ጃሃን ታጅ መሐልን እያሠራ ነበር፤ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1632 ነው። የኖራና የጉልላት ዕውቀት በዚያ ዘመን ከህንድ እስከ ሰናር በሰው እግር ይጓዝ ነበር።

ድንጋዩን የጠረቡትና ብረቱን የቀጠቀጡት እጆች ግን በአብዛኛው የአገሩ ናቸው። የጎንደር ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች ሲነሱ ቤተ እስራኤሎች ከፊት ይጠቀሳሉ። ይህን ያዙልን፤ ወደ ታች ስንወርድ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ጣሊያን ጎንደርን በያዘባቸው ዓመታት ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠጋግኖ ነበር። በኋላ በዩኔስኮ እርዳታ የተሠራው ጥገና ሲሚንቶውን እያነሳ በኖራ ተካው። ለምን ይመስላችኋል? ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ አይተነፍስም። አሮጌ ግድግዳ ደግሞ ክረምት ውሃ ይጠጣል፣ በጋ ይተፋል፣ በሙቀትና በብርድ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ኖራ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ቢሰነጠቅም ኖራው ይሰነጠቃል እንጂ ድንጋዩ አይነካም። ሲሚንቶ ግን ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል፣ ለስላሳውን ቀይ ድንጋይም ይበላዋል። ሠፈራችን ያሉ አሮጌ መስጂዶችን «እናሳምር» ብላችሁ ሲሚንቶ ልትለስኑ ስትነሱ ይህን አስታውሱ።

የቀሩትን ግንቦች ባጭሩ። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጣሪያው እንደ ኮርቻ ጎበጥ ያለ ነበር፤ ምድር መንቀጥቀጥ ጎድቶት፣ በኋላም እንግሊዞች ጣሊያንን ሲወጉ በቦምብ ተመትቶ ዛሬ ባዶ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ቀይ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉት። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የምትሄዱ ጫማ ማውለቅ አለ፤ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጣሪያው ላይ ካሉት የመላእክት ፊቶች ይልቅ የጣሪያውን እንጨት አያያዝ እንድታዩ እንመክራለን። ፒያሳ ደግሞ የጣሊያን ነው፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ክብ ማዕዘን ያላቸው ሱቆች። አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦሲዮ ያወጣው ፕላን ጣሊያኑንና የአገሩን ሰው በየሠፈሩ የሚለይ ነበር። ከእሱ 270 ዓመት በፊት ግን ሌላ መለያ ወጥቶ ነበር። አሁን እንውረድ።

እስላም ቤት

ጎንደር የተቀመጠችው በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ጀርባ ላይ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ግንቡ ከላይ፣ ጀርባው ላይ ነው። በ1660 ዓ.ም. በፋሲል ልጅ በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ተወሰነ። ሙስሊሙ ወደ ታች ወረደ፣ ቀሃ ወንዝ ዳር። ሠፈሩ እስላም ቤት ተባለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው። ውሳኔው ከወጣ ከ30 ዓመት በኋላ የመጣው ፖንሴም ሙስሊሞቹ በከተማዋ የታችኛ ክፍል ለብቻቸው እንደሚኖሩ፣ ክርስቲያኖቹም ከእነሱ ጋር እንደማይበሉ ጽፏል።

እዚያ ስንወርድ ግንብ ፈለግን። የለም። መጀመሪያ ገረመን፣ ቀጥሎ አናደደን። ነጋዴዎቹ ድሆች አልነበሩም፤ የአገሪቱ ሩቅ ንግድ በእጃቸው ነበር። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ያረፈው እስላም ቤት ነው። የሙስሊሞቹን አለቃ ነጋድራስ መሐመድን ያውቃቸው ነበር፣ በሠፈሩም ሰፋፊና ጥሩ ቤቶች እንዳሉ ጽፏል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሀብት አንድ የድንጋይ ግንብ፣ አንድ ጉልላት ያለው የዚያን ዘመን መስጂድ ለምን አልቆመም?

ይህን የመለሰልን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ሐጂ ናቸው። አዲስ ዓለም ውስጥ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። «አባ፣ ይህ ቤት ስንት ዓመቱ ነው?» አልናቸው። «እኔ ስወለድ ነበረ። እኔ መቼ እንደተወለድኩ ደግሞ የጻፈ የለም» አሉን። ከመተማ መሆናችንን ሲሰሙ አስገቡን፤ አባታቸው ቡና ጭነው መተማ ይወርዱ ነበርና። ለምን በድንጋይ አልሠሩትም ብለን ስንጠይቃቸው ሳቅ አሉ። «ልጆቼ፣ መሬቱ የሰው ነበር። በሰው መሬት ላይ ድንጋይ ብታቆም ድንጋዩም የሰው ይሆናል። እንጨት ግን ነቅለህ ትሄዳለህ።»

ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ ሥርዓት ሙስሊም ርስት አይወርስም፣ ርስትም አይተክልም። ቤተ እስራኤሉም እንዲሁ፤ ግንቡን የገነባው እጅ ርስት አልነበረውም። ርስት የሌለው ሰው ሀብቱን በሚንቀሳቀስ ነገር ይይዛል፤ በበቅሎ፣ በአሞሌ፣ በጨርቅ፣ በወርቅ። ድንጋይ ለሚቆይ ሰው ነው። ግንብ ለመሥራት ኖራና ቅስት ማወቅ አይበቃም፤ «ልጄ እዚህ ይኖራል» ብሎ መተማመን ያስፈልጋል። ይህን ምህንድስና ትምህርት ቤት አላስተማሩንም። የሕንጻ ታሪክ ስናነብ የቆመውን ብቻ እናነባለን፤ ያልቆመው ለምን እንዳልቆመ አንጠይቅም።

ብሩስ ሌላም ነገር ጽፏል፤ እኛን በጣም የነካን እሱ ነው። የጎንደር ሙስሊሞች ሌላው ሥራቸው የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳኖች መጠበቅ ነበር። ዘመቻ ሲሆን ድንኳኑን በሚያስገርም ፍጥነት ይተክላሉ፣ ይነቅላሉ፣ በበቅሎ ይጭናሉ፤ የራሳቸው አለቆች አሏቸው፤ በየትኛውም ወገን ግን አይዋጉም። ከጎንደር በፊት የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ድንኳን እንደነበረች አትርሱ፤ ንጉሡ ባለበት የምትተከል። ጎንደር ግንብ ከሆነች በኋላም ንጉሡ ሲዘምቱ ከተማዋ ተመልሳ ድንኳን ትሆናለች፣ የሚተክሏትም ከቀሃ ዳር የወጡ ሙስሊሞች ናቸው። አብዱራሕማን፣ ዑመር፣ ሙሳ የሚባሉ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ ስማቸውን የጻፈ የለም። የሕንጻ ሥራ አልሠሩም ካልን ድንኳን ሕንጻ አይደለም ማለታችን ነው። ገመድ የሚሳብ፣ ምሰሶ የሚጫን፣ ካስማ መሬት የሚይዝ፤ ከቅስቱ የተገላቢጦሽ የሆነ ሥራ ነው። ቅስት ሸክሙን በመጫን ይቆማል፣ ድንኳን በመሳብ።

የመሬቱ ነገር የተለወጠው በእናት አባቶቻችን ዘመን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ በሰልፍ ወጥቶ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬትን ሲያውጅ ርስት ራሱ ለሁሉም ቀረ።

እሳቱ

የእኛ መንገድ ወደ ጎንደር ያመጣው ጨርቅ ብቻ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች በሐምዳን አቡ አንጃ መሪነት በመተማ በኩል ወጥተው ጎንደርን አቃጠሉ፣ አብያተ ክርስቲያናትን አነደዱ፣ ብዙ ሰው ማረኩ። በዓመቱ፣ በ1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ከተማችን መተማ ዮሐንስ የተባለችው ለዚህ ነው። ጎንደሬ ሽማግሌ «መተማ» ሲባል ፊቱ የሚለወጥ ካያችሁ አትቆጡ። ከዚያ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ ግን ጎንደርን ዘርፈው ያቃጠሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተረፉት ጥቂት ናቸው። ጭቃና እንጨት የነበረው እስላም ቤትም በየጊዜው ነዷል። ድንጋይ ሲቃጠል ጥቁር ግድግዳ ይተርፋል፤ እንጨት ሲቃጠል ግን የነበረበት እንኳ አይታወቅም።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን፣ በዚችው ከተማ በአንድ ዓሊም ቀብር ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው ሞቷል፣ መስጂድ ተቃጥሏል። ከእኛ አንዱ ያኔ ገና ሊመደብ ነበር፤ ቤተሰቦቹ ጎንደር እንዳይሞላ ለምነውት ነበር። ሞላ። ዛሬ ማደሪያው ውስጥ አልጋው በላይና በታች ከደብረ ታቦር ልጅ ጋር ነው፤ በጾም ወቅት አንዱ ለአንዱ እራት ያስቀምጣል። ይህን የጻፍነው ሁሉም ደህና ነው ለማለት አይደለም። ከተማዋን በእግራችሁ ስትዞሩ የሚያዩዋችሁ ሰዎችም እናንተም ይህን እንደምታስታውሱ አውቃችሁ እንድትሄዱ ነው።

አገራችን ቆላ ላይ አሁንም ድንኳኑ አልተነቀለም። የሱዳን ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ካርቱም ላይ የግንብ ቤት የነበራቸው ሰዎች መተማ ድልድዩን ተሻግረው ኩመር ላይ ላስቲክ ሥር ሲያድሩ አይተናል። ለእረፍት ስንሄድ ካስማ ያቀበልን አለን።

ለመሄድ ለምትፈልጉ

ቅዳሜን ምረጡ፤ ገበያ አለ። ጠዋት ከአዲስ ዓለም ጀምሩ። የእንጨትና የጭቃ ቤቶቹ ከማለቃቸው በፊት ተመልከቷቸው፤ ደጃፍ ላይ ሽማግሌ ካገኛችሁ ሰላም ሳትሉ አትለፉ። ከዚያ ቀሃን ይዛችሁ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ውጡ። ገንዳው የሚሞላው ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ ነው፤ ለጥምቀት ካልሆነ በአብዛኛው ባዶ ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ ተመልካች ባዶው ይሻላል፣ ምርጊቱ ይታያልና። የአጥሩን ድንጋይ የዛፍ ሥር ጠፍሮ ይዞታል፤ ድንጋዩን ሥሩ ይዞት ይሁን ሊጥለው ይሁን ለሰዓት ተከራክረን አልተስማማንም። ለዙህር ተመልሳችሁ አዲስ ዓለም መስጂድ ስገዱ፣ ከሰዓት ግንቡን እዩ። የተማሪ መታወቂያ ያዙ። እንደዚህ ከታች ወደ ላይ ስትወጡ ግንቡ ሌላ ግንብ ይሆናል።

የሐጂን ቤት ፈቅደውልን ለክተነዋል። ትልቁ ክፍል 4.20 በ3.60 ሜትር ነው። ግድግዳው 38 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ የወይራ ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፣ ከሥሩ ግን የድሮው የሣር ክዳን ወራጆች አሉ። በሰሜኑ ግድግዳ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ባዘነበለው በኩል፣ በቆመ ሰው ደረት ልክ አንዲት የግድግዳ ጉድጓድ አለች፤ ቁርኣን የሚቀመጥባት ናት። ኮምፓስ ይዘን አየናት፤ ቂብላውን ይዛለች። ልጆቻቸው በመጪው በጋ ቤቱን አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩት ነው። አንከለክላቸውም፤ ክረምት ሲያፈስ የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ሐጂም ቢሆኑ ብሎኬቱን ይፈልጉታል፤ በራሳቸው ካርታ ላይ የሚቆም የመጀመሪያው ቤታቸው ነው።

በዚያው መንገድ ሌሎች ሰባት አሮጌ ቤቶች ቆጥረናል። የአራቱ ባለቤቶች እንድንለካ ፈቅደዋል። ፈተና እንዳለቀ ባለው ቅዳሜ ከፈጅር በኋላ ከግቢው በር እንነሳለን። እህቶች ቢመጡ ከውስጥ ያሉ እናቶችን ለማነጋገር ይመቻል። ሜትር ያለው ሜትር ይያዝ፤ የእኛው አምስት ሜትር ብቻ ነው፣ ጫፉም ተቆርጧል።